የማር መሣሪያና የፎገራ ማር ንግድ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ነጋዴ 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወረታ ከተማ ይደርሳል፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ አካባቢ ነው። የፎገራ ሜዳ በላሞቹ ከጥንት ጀምሮ፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሩዙ ስሙ ስለ ታወቀ፣ የወረታን ገበያ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ የሚናገረው ስለ እነዚህ ሁለት ሀብቶች ነው። ማሩ በሦስተኛነት እንኳ ሲነሣ ብዙም አይሰማም። ይሁን እንጂ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባና ኑግ ሜዳውንና ተረተሩን ቢጫ ካለበሱት በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ወራት ከየቀፎው የሚቆረጠው ማር ለገበሬው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ፣ ለነጋዴውም ትርፍ ያለው ዕቃ ሊሆን የሚችል ነው።

«ሊሆን የሚችል ነው» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በቀፎ ውስጥ ሳለ ንጹሕ የነበረው ማር ገበያ እስኪደርስ ድረስ እጭ፣ ሰም፣ የሞተ ንብ፣ አመድና የጢስ ሽታ ይቀላቀልበታል። እንዲህ ያለውን ማር የሚገዛው ጠጅ ጣይ ነው፤ ሰሙም ሆነ እጩ ብዙ አያውከውምና። ጠጅ ጣይ የማይናቅ ደንበኛ ነው፤ ከአገሪቱ ማር አብዛኛውን የሚወስደውም እርሱ ነው። ነገር ግን ሻጩ ከእርሱ በቀር ሌላ ደንበኛ ከሌለው ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ብቻ ይሆናል። በጠርሙስ ተሞልቶ ለገበታ የሚሸጠው፣ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚላከው ማር ከዚያው ቀፎና ከዚያው አበባ የተገኘ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመላክ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች፤ በዚህ በር ለመግባት የሚችለው ግን የተጣራው ማር ብቻ ነው። በሁለቱ ማሮች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያመጣው መሣሪያው ስለ ሆነ፣ የንብ አርቢው መሣሪያ የግብርና ባለሙያው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአስመጪውና የባለሱቁም ጉዳይ ነው።

ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ መሣሪያ ቀፎን የሚከተል መሆኑን ነው። በኢትዮጵያ ካሉት ቀፎዎች ከመቶው ከ90 የማያንሰው በአገር ልማድ የሚሠራው ድብልብል ቀፎ ነው፤ ይኸውም ከሐረግ፣ ከሸምበቆ ወይም ከቀርቀሃ ተጎንጉኖ በእበትና በጭቃ የሚለሰነው ነው። በዚህ ቀፎ ንቡ የማሩን እንጀራ ከቀፎው ግድግዳ ጋራ አጣብቆ ስለሚሠራው፣ ማሩን ሳይቆርጡና ሳይሰብሩ ማውጣት አይቻልም። በዓመት የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነው። ሁለተኛው የሽግግር ቀፎ የሚባለው ሲሆን፣ ንቡ በላዩ ከተደረደሩት ርብራብ እንጨቶች ላይ እንጀራውን አንጠልጥሎ ይሠራል። ሦስተኛው ፍሬም ያለው የሳጥን ቀፎ ነው፤ ደኅና አያያዝ ሲያገኝ ከ15 እስከ 20 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰጣል። እጀታው እየተሽከረከረ ማር የሚያወጣው መኪና የሚያገለግለው ለዚህ ለሦስተኛው ብቻ ነው። እንግዲህ በሱቁ ደጃፍ የሚያብረቀርቅ ማጣሪያ መኪና ያቆመ ነጋዴ፣ ከመቶ ቀፎ ለዘጠናው የማይሆን ዕቃ ማቆሙን ልብ ሊል ይገባዋል።

ለሦስቱም ቀፎዎች የሚያስፈልገው ዕቃ ማጨሻ ነው። ማጨሻ ማለት አፉ የሾለ ክዳን ያለው ጣሳና ከጎኑ የተያያዘ ትንሽ ወናፍ ነው። ንብ ጢስ ሲሸተው ማር ጠጥቶ ሆዱን ስለሚሞላ ለመናደፍ ይሰንፋል። ገበሬው በልማድ ኩበት በገል ላይ አቀጣጥሎ በአፉ እፍ እያለ ያጨሳል፤ በዚህም ጊዜ ፍሙና አመዱ በማሩ ላይ ይረግፋል፤ ጢሱም መጠን የለውም። አመድን ወንፊት ይይዘዋል፤ የጢስን ሽታ ግን ከማር ውስጥ የሚያወጣ ማጣሪያ የለም። ማጨሻ የሚገዛ ባለሱቅ የወናፉን ቆዳ፣ የክዳኑን ማጠፊያ፣ በውስጡም እሳቱን ከታችኛው ወለል ከፍ የሚያደርገው ወንፊት መኖሩን ይመልከት። ከወናፉ የሚወጣው ነፋስ ከጣሳው ቀዳዳ ጋራ ትይዩ ያልሆነለት ማጨሻ ቢያምርም አያጨስም። በከተሞች ያሉ ቆርቆሮ ሠሪዎች ናሙና ቢሰጣቸው ይህን ዕቃ አሳምረው ሊሠሩት የሚችሉ ስለ ሆነ፣ ከውጭ ማስመጣቱ ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም።

የመከላከያ ልብስ ለሰውነት ጥበቃ ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ከዚህ የተነሣም ገበሬው ወጪውን እንደ ቅንጦት ይቈጥረዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የኢትዮጵያ ንብ ቁጡ ስለ ሆነ፣ ልብስ የሌለው አርቢ ማሩን የሚቆርጠው በሌሊት ነው። በሌሊት ደግሞ የበሰለውን ማር ካልበሰለው፣ ማሩን ከእጩ ለይቶ ማየት አይቻልም፤ ሁሉም በአንድ ዕቃ ይገባል። ስለዚህ ቱታው፣ ጓንቱ፣ ቦት ጫማውና ዓይነ ርግቡ ሰውየው በብርሃን እንዲሠራ የሚያስችሉት በመሆናቸው፣ ከማር ማጣሪያዎች ሁሉ ቀዳሚ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጨርቁ ነጣ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠቆር ያለ ልብስ ንቡን ያስቈጣዋል። የዓይነ ርግቡ ፊት ግን ጥቁር ወንፊት መሆን አለበት፤ ነጭ ወንፊት በፀሐይ ያብረቀርቅና ከውስጥ ያለው ሰው አጥርቶ እንዳያይ ያደርገዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ነጭ ወንፊት ያለበት ልብስ የገዛ አርቢ በሁለተኛው ቀን ገልጦት ይሠራል፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ሌሊቱ ሥራ ይመለሳል።

ንብ ማሩ ሲበስል የእንጀራውን ቀዳዳ በቀጭን ሰም ይከድነዋል። ከእንጀራው ገጽ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ያልተከደነ ማር ገና ውሃ የበዛበት ስለ ሆነ መቁረጥ አይገባም። በድብልብሉ ቀፎ ሁሉም ተቀላቅሎ ሲገኝ፣ አርቢው ሁለት ባልዲ ይዞ ቢቀርብና የተከደነውን በአንዱ፣ ያልተከደነውንና እጭ ያለበትን በሌላው ቢያኖር፣ አንዱን ለገበታ ማር ገዢ፣ ሌላውን ለጠጅ ጣይ ሊሸጥ ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ወጪ አንድ ባልዲ ብቻ ነው።

ለድብልብሉና ለሽግግሩ ቀፎ የሚስማማው መሣሪያ መጭመቂያ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ቀዳዳ ባለው ከማይዝግ ብረት በተሠራ ቅርጫት ውስጥ የተሰባበረው እንጀራ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ከላይ ያለው ዝርግ ብረት በብሎን እየተጠበቀ ሲወርድ ማሩ ከታች ይፈስሳል። በእጅ ከመጭመቅ የሚሻልበት ምክንያት ንጽሕናው ብቻ አይደለም፤ የሰው እጅ ሊያወጣው የማይችለው ብዙ ማር በሰሙ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ተጨምቆ የቀረውም ሰም እንደ ቂጣ ስለሚሆን ለማቅለጥ ዝግጁ ነው። መጭመቂያ ለመግዛት የማይችል አርቢ እንኳ የተሰባበረውን እንጀራ በወንፊት ላይ አድርጎ፣ ከበታቹ ባልዲ አኑሮ፣ ሙቀት ባለበት የተዘጋ ክፍል ቢያሳድረው የሚበልጠው ማር ራሱ ይንጠባጠባል። በፎገራ ብዙ ገዢ ሊያገኝ የሚችለው ዕቃ ይህ መጭመቂያና ይህ ወንፊት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ አስመጪዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት በውዱ መኪና ላይ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

መኪናው ግን በቦታው ሲውል ጥቅሙ ታላቅ ነው። አሜሪካዊው ላንግስትሮት እ.ኤ.አ. በ1851 ንብ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ክፍተት ለመተላለፊያ ክፍት አድርጎ እንደሚተወው አስተውሎ፣ ፍሬሙ ሳይጣበቅ የሚወጣበትን ቀፎ ሠራ። ጀርመናዊው ሜሪንግ በ1857 የሰም ንጣፍ ማተሚያውን አወጣ፤ በ1865 ደግሞ በኦስትሪያ ጦር ሠራዊት መኰንን የነበረው ሕሩሽካ ማርን በመሽከርከር ኀይል ከእንጀራው የሚያወጣውን መኪና ለንብ አርቢዎች ጉባኤ አሳየ። በኢትዮጵያ ዘመናዊ የንብ እርባታ በሆለታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965፣ ማለትም በ1957 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሆነ፣ መኪናው ከተፈለሰፈ ልክ መቶ ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው።

መኪናው በርሚል መሳይ ሆኖ በውስጡ የሽቦ ቅርጫት አለው። የማሩ ክዳን በመግፈፊያ ሹካ ወይም በቢላዋ ከተገፈፈ በኋላ ፍሬሞቹ በቅርጫቱ ይቆማሉ፤ እጀታው ሲዞር ማሩ ወደ በርሚሉ ግድግዳ ተረጭቶ ወደ ታች ይወርዳል። እንጀራው ሳይሰበር ወደ ቀፎው ስለሚመለስ ንቡ እንደ ገና ሰም ለመሥራት አይደክምም። 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ንብ ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚሆን ማር እንደሚበላ ሲታሰብ፣ የሳጥን ቀፎ ምርቱ ስለ ምን እንደሚበልጥ ለመረዳት አያዳግትም። አንዱን የእንጀራ ገጽ በመጀመሪያ በዝግታ፣ ፍሬሙን ገልብጦ ሁለተኛውን፣ ከዚያም በኋላ በፍጥነት ማዞር ያስፈልጋል፤ ከመጀመሪያው በፍጥነት ያዞረ ሰው እንጀራውን ይሰብረዋል።

የንግዱ ችግር የሚጀምረው በልክ ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የተሠራጨው የሳጥን ቀፎ ዛንደር የሚባለው ሲሆን፣ ፍሬሙ 420 በ220 ሚሊ ሜትር ነው። የላንግስትሮት ትልቁ ፍሬም ደግሞ 448 በ232 ነው። በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው ዕቃ ለላንግስትሮት የተሰናዳ ስለ ሆነ፣ ልኩን ሳይጠይቅ ያዘዘ አስመጪ በርዝመቱ 28፣ በቁመቱ 12 ሚሊ ሜትር የሚተርፍ የሰም ንጣፍ ይደርሰዋል። የተረፈውን ቈርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ለዛንደር የተሠራ ንጣፍና ቅርጫት ግን ለላንግስትሮት አይበቃም። ስለዚህ በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ «ለዘመናዊ ቀፎ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የቀፎው ስምና የፍሬሙ ልክ በሚሊ ሜትር መጻፍ አለበት። በአገር ውስጥ የሚሠሩ ቀፎዎችም ቢሆኑ በናሙና መለካት አለባቸው፤ አናጢው ክፍተቱን ካሰፋው ንቡ በመካከሉ እንጀራ ይሠራበታል፤ ካጠበበው በሙጫ ያሽገዋል፤ በሁለቱም በኩል ፍሬሙ አይወጣም፤ ፍሬሙ ካልወጣ መኪናው ምን ሊሠራ ነው?

ከልኩ ቀጥሎ ያለው ችግር የጓደኛ ዕቃዎች መጓደል ነው። የሳጥን ቀፎ ለገበሬው ተሰጥቶ ማጣሪያው፣ የሰም ንጣፉ ወይም የንግሥት ማገጃው ሳይደርሰው ሲቀር፣ እርሱም እንጀራውን ከፍሬሙ በቢላዋ ቈርጦ እንደ ድብልብሉ ቀፎ ሲጠቀምበት፣ ከዚህም ሲያልፍ ሣጥኑን ለእህል ማስቀመጫ ሲያደርገው በአያሌ ወረዳዎች ታይቷል። መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ሙሉውን ስብስብ ካልያዘ የሚጐዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ ያልሠራለት ገበሬ ለጎረቤቱ ስለሚናገር በሚመጣው ዓመት ገበያ ያጣል።

አንድ አርቢ ብቻውን ለ2 ወይም ለ3 ቀፎ ማጣሪያ መኪና ቢገዛ አያዋጣውም፤ ዕቃው በዓመት ከጥቂት ቀናት በቀር ሥራ የለውም። 3 ወይም 4 ፍሬም የሚይዝ በእጅ የሚዞር መኪና ለአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይበቃል። ባለሱቁም ቢሆን አንዱን ለሽያጭ፣ አንዱን በቀን ሒሳብ ለማከራየት ቢይዝ ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ ኪራዩን ይቀበላል፤ የትኛው አርቢ ንጹሕ ማር እንዳለውም ከሌላ ነጋዴ በፊት ያውቃል። በባሕር ዳር የተቋቋመው የዘንባባ የንብ ውጤቶች ዩኒየን የመሰለ የማኅበራት ስብስብ ለአስመጪው የጅምላ ደንበኛ ሊሆነው ይችላል።

ማር ኮምጣጣነት ያለው ነገር ነው፤ በተራ ብረትና በዚንክ በተለበጠ ቆርቆሮ ውስጥ ሲቈይ ብረቱን ይበላና ይጠቁራል፤ ጣዕሙም ይለወጣል። ስለዚህ ከማሩ ጋራ የሚነካካው ክፍል ሁሉ ከማይዝግ ብረት ወይም ለምግብ ከሚሆን ፕላስቲክ መሠራት ይኖርበታል። ዕቃው ደብዘዝ ብሎ በዋጋው ርካሽ ሲሆን ባለሱቁ ሊጠራጠር ይገባል። ቀደም ባለው ዘመን ማር በጉንዶ ይሰፈርና በቅልና በእንስራ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ የወረሰው ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ከዚህም የከፋ ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ታጥቦ ማር የሚሞላበት ጊዜ ነው። በሽንኩርትና በሌላ አትክልት ላይ መድኃኒት በሚረጭበት በፎገራ ሜዳ ይህ ነገር ቸል የሚባል አይደለም። አፈ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ ከግርጌው የማር ቧንቧ ያለው ባልዲ ለማስጠለልም ለማጓጓዝም ይሆናል፤ ማሩ በውስጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ የሰሙ ርጋፊና አረፋው ከላይ ስለሚንሳፈፍ ንጹሑ ከታች በቧንቧው ይቀዳል።

ክዳኑን መክደን የሚገባው ለአቧራ ብቻ ተብሎ አይደለም። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለማር የሚፈቅደው እርጥበት ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ነው፤ ከዚህ በላይ የሆነ ማር በጎተራ ሳለ ሊቦካ ይችላል፤ ላኪውም ከወደብ የሚመለስ ጭነት ይጠብቀዋል። እርጥበቱን ለማወቅ የሚያገለግለው የማር መለኪያ መነጽር በኪስ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው፤ አንድ ጠብታ ማር በመስተዋቱ ላይ ተደርጎ ወደ ብርሃን ሲታይ ቍጥሩ ይነበባል። እዚህ ላይ አስመጪው ይጠንቀቅ። ለፍራፍሬ ጭማቂና ለጨው ውሃ የተሠሩ መሰል መነጽሮች በገበያ ሞልተዋል፤ ለማር ግን አይደርሱም። ለማር የተሠራው የእርጥበቱን ቍጥር ከመቶ ከ12 እስከ 27 ባለው መካከል የሚያሳይ፣ የሙቀትንም ልዩነት የሚያስተካክል መሆን አለበት። መነጽሩ ማሩ ስኳር የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑን አይናገርም፤ ለዚያ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። የረጋ ማርም ስኳር አለበት ተብሎ መነቀፍ አይገባውም፤ ንጹሕ ማር በብርድ ጊዜ ይረጋል። በእሳት ላይ ከመጣድ ይልቅ ዕቃውን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ማቆየት ያቀልጠዋል።

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይባላል፤ በስፍሩ ግን ብዙ ሰው ይጐዳል። 1 ሊትር ማር 1 ኪሎ ሳይሆን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሙሉ ማር 28 ኪሎ ነው። አርቢው 20 ኪሎ ነው ብሎ ቢሸጥ 8 ኪሎ በነጻ ሰጠ ማለት ነው። ሚዛን የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን ለደንበኛው ቢነግረው ሚዛኑን ለመሸጥ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

የሰሙ ጉዳይ ለላኪዎች ልዩ ሐሳብ የሚጠይቅ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ሰም በብዛት ከሚያመርቱት አገሮች አንዷ ናት፤ ይህም የሆነው በአብዛኛው በድብልብሉ ቀፎና በጠጅ ቤቱ ሰፈፍ ነው። ከድብልብሉ ቀፎ የሚገኘው ሰም ከማሩ ክብደት ከመቶ ከ8 እስከ 10 ሲሆን፣ ከሳጥን ቀፎ የሚገኘው ከ2 አይበልጥም። ቀፎው በተለወጠ ቍጥር ማሩ ይበዛል፤ ሰሙ ይቀንሳል፤ የቀረውም ሰም ንጣፍ ለመሥራት በአገር ውስጥ ይፈለጋል። ለአንድ ቀፎ 10 ፍሬም 1 ኪሎ የሚጠጋ ሰም ያስፈልጋል። በገጠር የሚጣለውን ሰም ለመሰብሰብ መስተዋት የተገጠመለት የፀሐይ ማቅለጫ ሣጥን ይበቃል፤ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ስለ ሆነ የፎገራ የበጋ ፀሐይ ያለ ማገዶ ሥራውን ይሠራዋል። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሸጥ፣ ወይም ለንጣፍ የሚገዛ ነጋዴ ግን ሞራና ፓራፊን የተቀላቀለበትን ሰም ይለይ፤ ከእንዲህ ያለው ሰም የተሠራ ንጣፍ በቀፎው ሙቀት ይለጠጣል፤ ንቡም አይቀበለውም።

ዋናው ማር በጥቅምትና በኅዳር፣ ጥቂቱ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ የሚቆረጥ ስለ ሆነ፣ ማጨሻው፣ ልብሱ፣ መጭመቂያውና ባልዲው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ወረታ ሱቅ መግባት ይኖርባቸዋል፤ በኅዳር የደረሰ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል። የሰም ንጣፍ ንቡ ወደ አዲስ ቀፎ ከመዛወሩ በፊት ስለሚፈለግ በክረምቱ መካከል ቢመጣ ይሻላል፤ ይህም ለመንገዱ ደግ ነው፤ በሚያዝያ ሙቀት በሸራ ተሸፍኖ በጭነት መኪና የመጣ ንጣፍ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጡብ ይደርሳልና። በየአሥሩ ንጣፍ መካከል ወረቀት ገብቶ፣ በካርቶን ቆሞ ሳይሆን ተኝቶ፣ ከሞተሩ ርቆ ቢጫን ደኅና ይደርሳል።